የተገዘተው አሰልጣኝ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴና ለነፍስ አባቴ ለአባ ገብረሰንበት፣ ኢየሩሳሌም

የከበረ ሰላምታዬ ይህን ሁሉ አገርና ባሕር ተሻግሮ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ባለፈው የዚያ አገር ደረጃ አያልቅም ብለው ጽፈውልኝ ነበርና ከዚያ ወዲህ ደረጃ ባየሁ ቁጥር እርስዎ ትዝ ይሉኛል። እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። በቆሎው ገብቷል፣ ዳጉሳው ቀርቷል። ትምህርት ቤቱም ተከፍቶ እኔ እንደ ወትሮው ሁለተኛ ክፍልን፣ ባሌ ስመኘው ደግሞ ከፍ ላሉት ስፖርት እናስተምራለን።

ስለ እሱ ጠይቀውኛል። ግዝቱን ጠብቋል። ነሐሴ ላይ ደምበጫ ከዳኛው ጋር ተጣልቶ ጫማውን ሲወረውር፣ ከዚያም መስመሩ ላይ ተዘርግቶ «በላዬ ተራምዳችሁ ተጫወቱ» ሲል፣ በመጨረሻም አፍንጫው ደም አፍስሶ ጤና ጣቢያ ሲያደርሱት፣ ሐኪሙ «ይህ ቁጣው አንድ ቀን ይዞት ይሄዳል» ያለኝን መቼም አይረሱትም። እኔም የሮጥኩት ወደ እርስዎ ነበር። ወደ ኢየሩሳሌም ከመሄድዎ በፊት በሚካኤል ደጅ አቁመው «ኳስ ሜዳ ዳር ቆመህ ቃል ከአፍህ ብታወጣ ገዝቼሃለሁ» ያሉት ቃል ይኸው እስከ ዛሬ አልተደፈረም። እኔ እንደለመንኩዎትም ያውቃል፤ ነግሬዋለሁ። አልተቆጣኝም። ለሌላ ሰው ግን አልተናገርንም፤ የነፍስ አባት ነገር ገበያ አይወጣም ብሎ እሱ ነው የከለከለኝ።

እኔ እንደሚያውቁት ሜዳ አልሄድም። የምጽፍልዎ ከሰው የሰማሁትን ነው። የሚያሠለጥነው የላህ ቡድን ሲጫወት ስመኘው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይቆማል አሉ። ሲብስበት የጋቢውን ጫፍ ይነክሳል፤ ይህንንስ ሳጥበው አይቼዋለሁ። በእጁ ያመለክታል፣ ነገር ግን ከሜዳው ማዶ ያለ ተጫዋች የእጁን ምልክት አያይም። ዕረፍት ሲደርስ ደግሞ ሜዳ ዳር መናገር ስለተከለከለ ልጆቹን ሰብስቦ አውራ ጎዳናውን አሻግሮ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይዟቸው ይገባል። እዚያ ሜዳ አይደለምና ይናገራል። ተመልካቹ ምክንያቱን ስለማያውቅ «ይኼ ሰውዬ ልጆቹን ጫካ የሚያስገባቸው አውሬ ሊያሳያቸው ነው?» እያለ ይስቃል።

ይሳቁ። ድሮ ከሜዳ ሲመለስ ድምፁ ተዘግቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሸሚዙ ተቀዶ ነበር። አሁን እንደሄደ ይመለሳል። ሐኪሙም የደም ግፊቱ ወርዷል አለኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ በጣም ደስ ብሎኛል።

መቼ እንደሚመለሱ ቢጽፉልኝ ቤትዎን አስጠርጌ እጠብቅዎ ነበር። ጸሎትዎ አይለየን።

የወንድምዎ ልጅ፣ ሰብለ

*

ኢየሩሳሌም፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለ

እዚህ ደጅ ያደረሰኝ ጌታ አንቺንም ባልሽንም ከክፉ ይጠብቅ። ደብዳቤሽ ከወጣ ወር ካለፈው በኋላ ደረሰኝ፤ ከኔ ይልቅ እሱ ብዙ አገር ሳያይ አልቀረም።

የስመኘው ነገር ደስ አሰኝቶኛል። ሰው በአፉ ይሰነካከላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በተዘጋ አፍ ደግሞ ዝምብ አይገባም። በመገዘቴ ዛሬም አልጸጸትም። አንቺም ያን ቀን የሮጥሽው ቤትሽ እንዳይፈርስ ነውና ልብሽ አይመታ። የባሕር ዛፉን ነገር ሳነብ ግን ብቻዬን ሳቅሁ፤ አንድ መነኩሴ ምን አገኘህ ብሎ ጠየቀኝ።

አንድ ነገር ጨምረሽ ጻፊልኝ። ሕዝቡ ምን ይላል? በፊት ሲጮህ የወደዱት እነማን ናቸው፣ አሁን ዝም ሲል የወደዱትስ? የሰውን አፍ መስማት ይጠቅማል። ደግሞም ከጅጋ ጋር የነበረው ጨዋታ ውጤቱ ምን ሆነ? ያ ዘመኑ የሚሉት ልጅ አሁንም በረኛ ነው? ይህን የምጠይቅሽ ለስመኘው ጤና ስል ነው።

ብርዱ እዚህ አጥንት ይገባል። ጉልበቴን ተዪው።

አባ ገብረሰንበት

*

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 13 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባ ገብረሰንበት

በጥምቀቱ ሰሞን ጠበል የጠጣ ሰላምታ ይድረስዎ። ታቦቱ በሰላም ወጥቶ በሰላም ገብቷል። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በዋዜማው ነው።

ጅጋን አሸንፈናል። ዘመኑም አሁንም በረኛ ነው። ለስመኘው ጤና ሲሉ የጠየቁት ይኸው ተመልሷል።

የሕዝቡን ነገር ግን ባይጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር። ጥር 5 ቀን ቡሬዎች እዚሁ መጥተው አሸነፉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው ሁሉ ሥራው የባሌን አፍ መመርመር ሆኗል። የሰማሁትን ሁሉ እንዳለ ልጻፍልዎ።

ጡረታ የወጡት ሃምሳ አለቃ ደሞዝ ወደውታል። «አሰልጣኝ ማለት አርአያ ነው። ድሮ እሱ ሲሳደብ ልጆቻችን ቤት ገብተው ይሳደቡ ነበር። አሁን ሰው ሆነ» ብለውኛል፤ ባርኔጣቸውን አንስተው ነው የነገሩኝ። ሜዳ ዳር ቆሎ የምትሸጠው ደጊቱ ደግሞ ከስራለች። «እኔስ ኳሱን የሚያይ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሰው የሚመጣው ጋሼ ስመኘውን ሊያይ ነው። እሱ ሲዘል ነበር ቆሎው የሚያልቀው፤ አሁን ሰው ሰዓቱን ያያል» ትላለች። ከተማሪዎቹ ሳምሪ የምትባለው ያለችኝ ነው ከልቤ ያልወጣው። «መምህር ሲጮህ እኮ ዳኛውን ካልሆነ በቀር አይሳደብም። የያንዳንዱን ስም ነው የሚጠራው። ወንድሜ ዘመኑ፣ ስሜን ሲጠራኝ ሜዳው ላይ የት እንደቆምኩ ይገባኛል ይል ነበር፤ አሁን ግብ ላይ ብቻዬን ነኝ ይላል» አለችኝ።

እጅጉ ባለሥጋ ቤቱን ያውቁታል። ድሮ ስመኘው ሲጮህ አብሮት የሚጮኸው እሱ ነበር። ያን ሰሞን «ጅራፍ የማይጮኽበት በሬ ፈር ይስታል። ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት» እያለ ይተርት ነበር። ይህን ያህሉ ደህና። ከቡሬው ጨዋታ ወዲህ ግን ሌላ ነገር ይዟል። ሥጋ እየቆረጠ ለሚገዛው ሁሉ «እናቱ የየት አገር ሰው ናት?» ይላል። የስመኘው እናት እማማ እህተ ማርያም የቡሬ ልጅ መሆናቸውን የማያውቅ የለም። ቀጥሎ «ዕረፍት ላይ ልጆቹን መንገድ አሻግሮ ጫካ የሚያስገባው ከማን ጋር ሊያገናኛቸው ነው?» ይላል። ሌላውን ሰሚው ራሱ ይጨርሰዋል። ባሌ ለቡሬ ተሸጧል ማለት ነው። ከትናንት በስቲያ ጥምቀተ ባሕሩ ላይ አንድ ሰው ጎኑ ቆሞ «ስንት ገዙህ?» አለው። ስመኘው ዝም አለ። ግዝቱ ሜዳ ዳር ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እዚያም ዝም አለ።

እኔን የጎዳኝ እሱ ነው አባ። ሜዳ ላይ የታሰረው አፍ ቤትም አልተፈታም። ጠዋት ይነሳል፣ ይበላል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል። ስጠይቀው «ደህና ነኝ» ይላል። ድሮ እራት ላይ ሳህኑን ሜዳ፣ ሽንኩርቱን ኳስ፣ ማንኪያውን አጥቂ አድርጎ ጨዋታውን ሁሉ ሲያሳየኝ ይሰለቸኝ ነበር። አሁን ሳህኑ ሳህን ነው። ደሙ ወርዷል፤ የወረደው ግን ደሙ ብቻ አይመስለኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔን ነው።

እንዲገዝቱት የለመንኩዎ እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ይፍቱት ብዬ የምለምነው እኔው ነኝ። የሚካኤሉን ቄስ ቢሆነኝን ጠይቄያቸው «ሌላ ካህን ያሰረውን እሱ በሕይወት እያለ እኔ አልፈታም» ብለውኛል። የቡድኑ ኮሚቴም ከቡሬ ጋር በቡሬ ሜዳ ያለውን ጨዋታ አይቶ ስመኘውን ሊያሰናብተው አስቧል። ጨዋታው የካቲት መጨረሻ ነው፤ ዋንጫውም በእሱ ይወሰናል። እባክዎ አይዘግዩብኝ።

ሰብለ

*

ኢየሩሳሌም፣ የካቲት 17 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለ፣ ለልጄ ለስመኘውም

የእመቤታችን ምሕረት በቤታችሁ ይደር። ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኝ ነበር። የዘገየሁት ተቆጥቼ ነው፤ በአንቺ ላይ ሳይሆን በእጅጉ ላይ ነው የተቆጣሁት። ከዚያም ቆይቼ በራሴ ተቆጣሁ።

ጾሙ ሳይገባ የሆነውን ልንገርሽ። ከገዳሙ በታች ጧፍና መስቀል የሚሸጥ አንድ አረብ ጎረቤት አለን። ሱቁ ውስጥ ትንሽ ቴሌቪዥን አለች። ዳቦ ልገዛ ስወርድ የፈረንጅ አገር ኳስ ይታያል። እግሬን ላሳርፍ ብዬ ቆምኩ፤ ጉልበቴ ነው ያቆመኝ በይ። መስመሩ ዳር አንድ አሰልጣኝ አለ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ክራባት ያሰረ። ግን አቅሉን ሳተ። ኮቱን ወረወረ፣ ጮኸ፣ ተንበረከከ፣ ደግሞ ተነሳ። የባለሱቁ ሁለት ልጆች በእሱ ምክንያት ተጣሉ። ታላቁ ነውር ነው የሚል ይመስላል፤ ታናሹ ልቡን ይደቃል። ቋንቋቸውን አላውቅም፣ ነገሩ ግን ገባኝ። ሃምሳ አለቃ ደሞዝና እጅጉ እዚህም ተወልደዋል።

ጨዋታው ሲያልቅ የሰውየው ቡድን ተሸነፈ። አንድ ልጅ ቅጣት ምት ስቶ መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ያ ሲጮህ የዋለ ሰው ማንንም ሳያይ ሄዶ የልጁን ራስ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ያዘ። ቅድም ሲጮህለት የነበረው ያ ልጅ ኖሯል። እኔ ዳቦዬን ረስቼ ወጣሁ።

ሌሊቱን የሳምሪን ቃል አሰብኩት። ቁጣውን ማሰር ሲገባኝ ድምፁን ነው ያሰርኩት። ውሻው ነከሰ ብሎ አፉን የሰፋ ሰው፣ ሌባ ሲገባ ማንን ይወቅሳል? ስመኘውን ውሻ አለው እንዳትይኝ። ደንግጠሽ መጣሽ፣ እኔም በድንጋጤሽ ፈረድኩ፤ ሦስት ቀን ቆይቼ ቢሆን ሌላ ቃል እመርጥ ነበር። ዮሐንስም በበረሃ የሚጮህ ድምፅ ነው የተባለው፤ የጮኸው ሰው እንዲመለስ ነው።

ስለዚህ ትናንት የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ «ስመኘው ሆይ፣ ካሰርኩህ ቃል እግዚአብሔር ይፍታህ» ብያለሁ። ተፈትቷል። ከእንግዲህ ሜዳ ዳር የልጆቹን ስም እንደፈለገ ይጥራ። የዳኛን እናት ግን እንዳያነሳ፤ ጫማውንም ከእግሩ እንዳያወልቅ። ይህ ምክር ነው እንጂ ግዝት አይደለም። ይህን ደብዳቤ ቄስ ቢሆነኝ ያንብብለት።

አባ ገብረሰንበት

*

ቡሬ፣ የካቲት 29 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባ ገብረሰንበት

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን የምጽፈው ከአማቴ ቤት ነው። የቡሬዋ ወለተ ኢየሱስ ጾሙን እዚያ ልትጨርስ ወደ እርስዎ ልትመጣ ነው ሲሉኝ፣ በፖስታ ከሚዘገይ በሰው እጅ ይሂድ ብዬ ነው። ከደብዳቤው ጋር አማቴ የላኩልዎ የቡሬ በርበሬ አለ።

ከእርስዎ ምንም አልደረሰኝም። ተቆጥተው ይሆን ታመው፣ አላወቅሁም። አሁን ግን ነገሩ ከማስፈታት አልፏል። ስመኘው ግዝቱን ጥሷል።

ባለፈው እሑድ፣ የካቲት 24፣ እኔም ቡሬ ሄድኩ። ኳስ ወድጄ አይደለም። ሰው እንዳይመታብኝ ፈርቼ ነው። ደጋፊው በሁለት አውቶብስ ተጭኖ ነው የሄደው። እጅጉ ጾም ስለሆነ ሥጋ ቤቱን ዘግቶ ሥራው ስመኘውን ማማት ብቻ ሆኗል፤ ከፊቴ ተቀምጦ መንገዱን ሁሉ ስለ ቡሬ በርበሬ ዋጋ አወራ። ለማን እንደሚያወራ ገብቶኛል። ሜዳው ዳር ስንደርስ አማቴ ከቡሬዎች ወገን ቆመው አየኋቸው። ለማንም አልጨበጨቡም።

በሕይወቴ ባሌን ሥራው ላይ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ጋቢውን ነክሶ ቆሟል። ኳስ በሄደች ቁጥር እግሩ አብሮ ይሄዳል፣ እጁ ይነሳል፣ አንገቱ ይገተራል፣ ቃል ግን የለም። የሰው ጩኸት እንዲህ ከውጭ ይታያል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከኋላው የኛው ደጋፊዎች «ተናገር እንጂ! ተከፍሎሃል እንዴ?» ይሉታል። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። አቀረቀርኩ አባ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ከዕረፍት በኋላ አንድ የቡሬ ልጅ የመታት ኳስ የኛን ግብ አግዳሚ መታችው። ጎሉ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ኳሷ ወጣች፤ ቡሬዎች «ገብታለች» ብለው ዳኛውን ከበቡት፣ የኛዎቹም እየሮጡ ሄደው ከበቡት። ተመልካቹ ሁሉ ወደ ግርግሩ ነው የሚያየው። ዘመኑ ብቻ ጎሉ ሥር ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። አግዳሚው ከላዩ ከሚስማሩ እየለቀቀ መሆኑን ያየ አልነበረም፣ ከአንድ ሰው በቀር።

«ዘመኑ! ውጣ ከዚያ! ዘመኑ!»

ያን ድምፅ ስንት ዘመን አብሬው ኖሬ ሰምቼው አላውቅም። ልጁ ወሬ ሳይጠይቅ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ ወደ ፊት ተወረወረ። እንጨቱ እሱ ጎንበስ ብሎ በነበረበት ቦታ ላይ ወደቀ። ሜዳው ጸጥ አለ። አማቴ ከማዶ ሆነው «የልጄ ድምፅ ነው» ሲሉ እኔ ድረስ ተሰማ። ከዚያ የኛም የቡሬም ሰው ወደ ስመኘው ሮጠ። እሱ ግን አፉን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሊሸከሙት ሲሉ እጁን አራገፈ።

ጨዋታው በዚያው ቆመ። ቀሪው ከፋሲካ በኋላ በደምበጫ ሜዳ እንዲሆን ተባለ።

ስንመለስ አውቶብሱ ውስጥ እንደ ሰርግ ተዘፈነ። ስመኘው መስኮቱን ያያል። እጅጉ «እንዲህ ያለ ድምፅ ይዘህ ስድስት ወር ምን አፍህን ዘጋው?» ሲለው መታገሥ አቃተኝ። ተነሳሁ። የአውቶብሱን ብረት ይዤ «አፉን ያዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። የደምበጫውን፣ የሐኪሙን፣ የእርስዎን ግዝት፣ የባሕር ዛፉን፣ ሁሉን ነገርኩ። «እናንተ ተሸጠ ስትሉ እሱ ለነፍሱ ሲል ዝም ይል ነበር። ዛሬ ደግሞ ነፍሱን ለዘመኑ ሰጥቷት መጣ» አልኩ። ዘፈኑ ቆመ። እጅጉ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ እጅጉና ሌሎች ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ሊጠይቁ ደጃችን መጡ። ስመኘው ድንጋዩን ከትከሻቸው አወረደላቸው። «እኔ ራሴ የተወገዝኩ ሰው ነኝ፤ ማንን ይቅር እላለሁ?» አላቸው። ሃምሳ አለቃ ደሞዝ እንኳ «ጩኸቱ ተገቢ ነበር» ሲሉት አልተጽናናም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚካኤል ሲሄድ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። ሁዳዴ ነው፣ ሰሙነ ሕማማት ይመጣል፣ ፋሲካ ይመጣል። እኔ ውስጥ ሆኜ እሱ ውጭ ሆኖ እንዴት እንፈስካለን? ቄስ ቢሆነኝ አሁንም እርስዎ ካልፈቱ አልፈታም ብለዋል። ልጁን ዝም ብሎ ያስገድለው ነበር? እንደዚያ ቢያደርግስ ይሻል ነበር? ይህን እርስዎን መጠየቄ ድፍረት ነው፤ የምጠይቀው ሌላ ሰው ግን የለኝም።

ልጅዎ ሰብለ

*

ኢየሩሳሌም፣ መጋቢት 10 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለሰብለ

ወለተ ኢየሱስ ትናንት ደርሳ ደብዳቤሽን ሰጠችኝ። ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ ተቀምጬ ጨረስኩት።

የካቲት 17 የጻፍኩልሽ ደብዳቤ እንዴት አልደረሰሽም? እኔ ግዝቱን የፈታሁት በየካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ነው። ስመኘው የጮኸው በ24 ነው። ስምንት ቀን ሙሉ ነፃ ሰው ሆኖ ጋቢ ሲነክስ ከረመ። ፍትሐት ከካህኑ አፍ ሲወጣ ይፈጸማል፤ ወረቀቱ እግረኛ ነው፣ ሲደርስ ይደርሳል። ስመኘው ምንም አልጣሰም። ነገ ሳይሆን ዛሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይግባ።

ብትጠይቂኝ ደግሞ፣ ባልፈታውም ኖሮ ሰው ለማዳን የወጣን ቃል እግዚአብሔር በግዝት አይዘውም። ይህን ቀድሜ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር።

አንድ ነገር አጥፍቻለሁ። ሰው ሲያስር መፍቻውን ይዞ ባሕር መሻገር የለበትም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የነፍስ አባታችሁ ቄስ ቢሆነኝ ነው። ለእሱም ጽፌለታለሁ። ቤቴን አታስጠርጊው፤ የዘመኑ ቤተሰብ ቤት ተከራይ እንደሆኑ አውቃለሁና ይግቡበት።

በርበሬው ደርሶኛል። ለአማትሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያቸው።

አባ ገብረሰንበት

*

ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባ ገብረሰንበት

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ በአንድ ቀን ደረሱኝ። የየካቲቱ የት ሲንከራተት እንደከረመ እግዚአብሔር ይወቅ። አጭሩን ነበር ቀድሜ የከፈትኩት።

ትምህርት ቤት አስፈቅጄ ሮጥኩ። ቄስ ቢሆነኝ ከስመኘው ጋር አጥሩ ሥር ተቀምጠው አነበቡለት። ስመኘው «ቀኑን ይድገሙልኝ» አላቸው። ደገሙለት። «የኪዳነ ምሕረት ዕለት?» አለ። «የኪዳነ ምሕረት ዕለት» አሉት። በጣቱ ከ16 እስከ 24 ቆጠረ፣ እንደ ሕፃን። ከዚያም አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ስቅለት ዕለት ገብቶ ከሰው ጋር ሲሰግድ ዋለ። እጅጉ አጠገቡ ሆኖ ቁና ቁና እየተነፈሰ አብሮት ሲሰግድ ነበር፤ ከስመኘው ቀድሞ ማቆም አፍሮ እንጂ እግሩስ ቀድሞ ከድቶት ነበር።

ስለ ቤትዎ የጻፉትን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ጉልበትዎን በመጨረሻው ደብዳቤ ጨርሶ አላነሱትም። መቼ ይመለሳሉ ብዬ ጠይቄዎት ነበር፤ አሁን መልሱ ደርሶኛል፤ ላይመለሱ ነው። አልቅሻለሁ። እነዘመኑ ገብተውበታል፣ ቤቱ ጭስ እየወጣበት ነው። ዘመኑ በየማታው መቃኑን እየነቀነቀ ያያል አሉ፤ ከእንጨት ጋር ሰላም የለውም።

አሁን ያለፈውን እሑድ ልንገርዎ። የቡሬውን ጨዋታ ቀሪ ለመጨረስ ደምበጫ ሄድን። ዳኛው ያው ነው፣ ነሐሴ ላይ ጫማ የተወረወረበት። ስመኘው መስመሩ ዳር ሲቆም የሁለቱም ወገን ደጋፊ ዝም ብሎ አፉን ያያል። ደጊቱ ቆሎዋን ይዛ ከፊት ተቀምጣለች። ጋቢውን አልለበሰም። ዳኛው እንደነፋ «ታደለ! ወደ መስመር!» ብሎ ጀመረ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው የልጆቹን ስም ጠራ። የማንንም እናት አላነሳም። ጫማውም እግሩ ላይ ነው፤ እኔ ራሴ ክሩን ጠዋት ሁለት ቋጠሮ አድርጌ አስሬዋለሁ።

ተሸነፍን፤ ዋንጫው ለቡሬ ሆነ። ተሸጠ ያለ ሰው የለም፤ ኮሚቴውም ላሰናብተው አላለም። ማታ ቤት ስንገባ ሳህኑን አምጥቶ ሽንኩርት አደረገበት፣ ማንኪያውንም አንስቶ የት እንደተሳሳትን ሲያስረዳኝ እራቱ ቀዘቀዘ። ሐኪሙም ደሙ ደህና ነው ብሏል።

የተሸነፍነው ግን በቅጣት ምት ነው፤ ቅጣቱም አይገባም ነበር። ታደለ ሰውየውን አልነካውም። እዚያው ፊቴ ነው የሆነው። ስመኘው ሊጮህ አፉን ከፈተ፣ ጫማውን አየ፣ ዘጋው። እኔ ግን እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። መስመሩን አልፌ ገብቼ «አንተ ዳኛ፣ ዓይንህን በበርበሬ ለወጡህ?» ብዬ ጮህኩ። ሁለት ፖሊሶች ናቸው ይዘው ያወጡኝ። እጅጉ «ኧረ እትዬ ሰብለ፣ ደም ግፊት» ሲለኝ ስመኘው መስመሩ ዳር ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሲስቅ ያየሁት ከነሐሴ ወዲህ ያኔ ነው።

አባ፣ አደራዎን ይህን ለቄስ ቢሆነኝ አይጻፉላቸው። መፍቻው አጠገቤ ቢሆንም፣ እኔ መገዘት አልፈልግም።

ልጅዎ ሰብለ